አጎቴና አጭሯ ማርሚታ

በለቅሷቸው ላይ ሰው ሁሉ «ለስላሳ ነበሩ» ሲል ዋለ። አልነበሩም። አጎቴ ኮኪት ባለው እርሻችን መግቢያ ላይ ቆመው ሞተር ሁሉ የሚያስቆሙ፣ ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫ ቱቦውን፣ ሳይፈትሹ የማያሳልፉ ነዝናዛ ነበሩ።

አንድ የአጨዳ ወቅት፣ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ ለሚሞላላት ባለ አራት ጎማ ሞተሬ አጭር ማርሚታ አስገጥሜ መጣሁ። ረጅሙ ጉልበቷን እንደሚያፍን አንብቤ ነበር። ከአጎቴ ጀርባ የዓመቱ ሰሊጣችን ታስሮ፣ ሂላ በምንለው የነዶ ክምር በየቦታው ቆሞ ይደርቃል።

አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር ከማርሚታዋ አፍ ፊት ያዙና፣ «እስቲ ቤንዚን ስጣት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እጅዎን!»

«ስጣት አልኩህ!»

ሰጠኋት። የእሳት ፍንጣሪ ወጣ፤ ሣሩ እጃቸው ላይ ጨሰና ነደደ። መሬት ጥለው በጫማቸው ደፈጠጡት።

«ይህንንስ አንብበኸዋል?»

ሞተሯን አጥፍቼ እስከ ከተማ ገፋኋት። ረጅሙን መልሼ አስገጠምኩ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኳቸውም።

ዘንድሮ መግቢያው ላይ ማንም አላስቆመኝም። በሰሊጡ መካከል አልፌ ሠራተኞቹ የሰፈሩበት ደረስኩ። ወርጄ ሞተሯን ካጠፋሁ በኋላም፣ ከኋላዬ ሰሊጡ ሲጨስ እንዳላይ ዞሬ ለማየት ፈራሁ።