ከአልጋዋ ትይዩ የተሰቀለው ፎቶ

ያንን ፎቶ በትልቁ ያሳጠብኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ። ከዚህ በኋላ የምቆጣው በሌሎች ላይ ስለሆነ ራሴን ከጥፋቱ ያወጣሁ እንዳይመስል።

ታላቅ ወንድሜ አናጺ ነበር። ቤታችን ሐዋሳ ውስጥ፣ ባጃጅ ከማይጠፋበት መንገድ ዳር ነው። የወንድሜ ልጅ አራት ዓመት ሲሞላት እንቅልፍ እምቢ አላት። በእናቷና በአባቷ መሀል ትተኛለች፤ ሳሎን ውስጥ ቲቪው ይጮሃል፤ ገና ሸለብ ሲያደርጋት ባጃጅ ያልፍና ትባንናለች። አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ዕቃ ቤቱን ባዶ አደረገና «ይሄ የሚጣ መኝታ ነው» አለ።

ጎረቤታችን አጥሩን ተደግፎ ሳቀበት። «ለልጅህ ሆቴል ከፈትክላት እንዴ? ቁርስም አለው?»

«ቁርስ አለው። ለአንተ ግን አልጋ የለም።»

እንዴት እንደሠራው ልናገር። ሲሚንቶው ወለል ላይ በጀርባው ተኛ። መጀመሪያ አንዱ ጥግ፣ ከዚያ ሌላው። እኔንም አስተኛኝ።

«ምን ይታይሃል?»

«ጣሪያ።»

«ሌላስ?»

«አንድ የሚያስቅ ሰውዬ።»

«ዝም በል እስኪ። እሷ ስትተኛ የሚታያትን ነው የምጠይቅህ።»

መሸት ብሎ ነበር። ባጃጅ ሲያልፍ መብራቱ በመስኮቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ ሮጠ። ወንድሜ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ መብራቱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አሰመረ። አልጋውን መብራቱ በማይደርስበት ጥግ አቆመው። አልጋውንም ራሱ ነው የሠራው፤ ዝቅ ያለ፣ ብቻዋን የምትወጣበትና የምትወርድበት። ወፍራም መጋረጃ አሰፋ። አጎበሩ ፊቷ ላይ እንዳይወርድ በአራቱም ማዕዘን ወጠረው። ትራሷን በእሱና በሚስቱ ክፍል ግድግዳ በኩል አደረገና ማንኳኳት አስተማራት። እሷ ሁለቴ ስታንኳኳ እሱ ከወዲያ ሁለቴ ይመልሳል። በሳምንቱ ልጅቷ መተኛት ጀመረች። እኔ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ ወንድሜ ሞተ። በአጭር ሕመም። ስለ ሕመሙ አልጽፍም፤ አልችልም።

ለቀስተኛ ከሩቅ መጣ። ማደሪያ ያስፈልጋል ተባለ። የማን ክፍል ይለቀቅ? የልጅቷ። የአልጋውን ብሎኖች የፈታሁት እኔ ነኝ። አንድ ሽማግሌ «ቶሎ በል እንጂ፣ ሰው ቆሟል» አሉኝና ፈታሁ። መጋረጃው የድንኳኑ በር ላይ ተሰቀለ። አጎበሩ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ፍራሽ ተነጠፈ፤ ሰው ተኛ፤ ካርታ ተጫወተ፤ ሳቀም። ለቅሶ ቤት ካርታ እንደሚጫወቱ አውቃለሁ፤ እኔም ሰው ቤት ሄጄ ተጫውቻለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን... ዛሬም ያንገበግበኛል።

ለቀስተኛው ሲሄድ አልጋውን መስኮቱ ሥር ገጣጠሙት። ለምን እዚያ ብዬ ብጠይቅ «ምን ለውጥ አለው?» ተባልኩ። ሰው ሞቶ ስለ አልጋ የምጨነቅ ሞኝ መሰልኳቸው።

ቀጥሎ ፎቶው መጣ። ወንድሜ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። የተገኘው የመታወቂያው ብቻ ነው። ፒያሳ ወስጄ በትልቁ አሳጠብኩት፤ ባለ መስታወት ፍሬም አስገባሁለት። ፎቶ አንሺው «ዓይንህን ክፈት» ብሎት መሆን አለበት፤ አፍጥጧል። በአርባው ዕለት አክስታችን ፎቶውን አቅፈው ወደ ልጅቷ ክፍል ወሰዱት። «አባቷን እያየች ትደግ» አሉ። ሁሉም አለቀሰ። እኔም እያለቀስኩ ሚስማሩን አቀበልኩ። ከአልጋዋ ትይዩ ተሰቀለ።

ልጅቷ እንደገና እንቅልፍ አጣች። አሁን ግን አታለቅስም። አልጋዋ ላይ ቁጭ ትላለች፣ በቃ። ኬጂ ስትሄድ ጠረጴዛው ላይ ትተኛለች፤ አስተማሪዋ ደብተሯ ላይ ጽፋ ላከች። ቤት ውስጥ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዷ ዓይን ነው አለች። አንዷ እንቅልፍ እስኪወስዳት ቲቪ ክፈቱላት አለች። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ልጅቷ እየሰማች «አባቷ እየጠራት ይሆናል» አለች። ያቺን ሴትዮ ከግቢ ማስወጣት ነበረብኝ። ሻይ ቀዳሁላት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከኬጂ አምጥቻት ጫማዋን እየፈታሁ «ሚጣዬ፣ ለምንድን ነው የማትተኚው?» አልኳት።

«አባዬ አይተኛማ።»

«እንዴት?»

«ዓይኑን አይጨፍንም። ባጃጅ ሲመጣ ደግሞ ያፈጥብኛል። ተኛ ስለው እምቢ አለኝ። ተቆጥቶኝ ነው?»

ጫማዋን በእጄ እንደያዝኩ ክፍሉ ገባሁ። ሚስማሩ የተመታው በሁለቱ የእርሳስ መስመሮች መሀል ነበር። መስመሮቹ አልጠፉም። መብራት እዚህ ያርፋል፣ ልጄ ይህን አትይ ብሎ ባሰመረበት ቦታ ላይ የራሱን ፊት ሰቀልንበት። መጋረጃ የለም። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ያበራል፣ እሱም ከጨለማው ብቅ ብሎ ያፈጣል።

ወንበር አመጣሁ። የወንድሜ ሚስት ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ያን ሳምንት የማታ ፈረቃ ስለነበረች ቤት ነበረች። ከሐዘኑ ወዲህ እምብዛም አትናገርም። ልጅቷ ያለችውን ነገርኳት። መጥታ ወንበሩን ያዘችልኝ።

ሳወርደው እናቴ ደረሰች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ሳሎን ይሰቀላል፣ እማዬ።»

«ልጄን ከልጁ ልትለየው?»

«ልጅቷ አትተኛም እኮ!»

«ትልመደዋ! እኔስ እተኛለሁ? እዚህ ቤት ማን ይተኛል?»

«እሷ አምስት ዓመቷ ነው!» ጮህኩ። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

«አንተ ድሮም ወንድምህን አትወደውም» አለችኝ።

ይህን ብላኛለች። በሐዘን ነው ይሉኛል። እኔስ በምን ላይ ነኝ? ፎቶውን ከእጄ ነጠቀችና ወደ ወንድሜ መኝታ ቤት ይዛው ገባች። የልጅቷ እናት የማታ ፈረቃ ስትሆን እዚያ የምትተኛው እናቴ ናት።

አልጋውን ወደ ጥጉ መለስኩት። አንድ ብሎን ጠፍቶ ስለነበር በሽቦ አሰርኩት። መጋረጃውን ሁለት ጊዜ አጠብኩት፤ የለቅሶው ወጥ ቅባት ግን አለቀቀም፤ እንዲሁ መልሼ ሰቀልኩት። አዲስ አጎበር ገዝቼ ወጠርኩ፤ በአንድ በኩል ረገበ። ወንድሜ ቢያየው ይስቅብኝ ነበር። በእሱም ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ለእኔ ጥሎ እንዴት ይሄዳል? ከዚያ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተኛሁና አየሁ። ባጃጅ አለፈ። ምንም አልታየኝም።

ማታ ልጅቷ ገብታ ተኛች። ባዶውን ግድግዳ አየችና «ሄደ?» አለችኝ።

«ሊተኛ ሄደ» አልኳት። ውሸት ነው። በአፌ የመጣልኝ ግን እሱ ነው።

በሩን ገርበብ አድርጌ ስወጣ ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳች። መልስ የለም። ዞሬ ወደ ወንድሜ ክፍል ገባሁ። እናቴ ፎቶውን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

«ሚጣ ናት። እሱ በዚህ በኩል ይመልስላት ነበር።»

እናቴ ይህን አታውቅም ነበር። አየችኝ። እንደገና ተንኳኳ። በእናቴ ትከሻ ላይ እጄን አሳልፌ ሁለቴ መታሁ፤ ተናድጄ ስለነበር ከሚገባው በላይ ጠነከረ። ወዲያው ልጅቷ መለሰች። ከዚያ ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ልመልስ ስል እናቴ ቀደመችኝ። በቀለበቷ ነው የመታችው፤ ድምፁ እንደ እሱ አይደለም። ጠበቅን። ከወዲያ ምንም አልመጣም።

«ተኛች?» አለች እናቴ።

«ዝም በይ፣ እማዬ» አልኳት። ያለችኝ ነገር ገና ከሆዴ አልወጣም ነበር።