ከሳሉ ጋር የተቆረጠው

በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ የውጭ አገር ተማሪ ነበርኩ። ፓስፖርቴ የደቡብ ሱዳን ነው፤ የተወለድኩት ጁባ፣ አባቴም የዚያው አገር ሰው። እናቴ ግን የቀጨኔ ልጅ ናት። መድኃኔዓለም ሥር ተወልዳ አድጋ፣ ሥራ ፍለጋ ወጥታ፣ ዞራ ዞራ ጁባ ላይ ምግብ ቤት ከፈተች። አባቴ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ፤ አንዲት እናት ነበረችኝ፣ በቃ።

ኮምፒውተር ሳይንስ ልማር አዲስ አበባ ስመጣ እንግዳነቴ ለራሴም ግራ ያጋባኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልኬን አይቶ በእንግሊዝኛ ያናግረኛል፤ እኔ "ወራጅ አለ" ስል ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ። አማርኛዬ የእናቴ አማርኛ ነው፣ እሷ ደግሞ ከሰፈሯ ከወጣች ስንት ዘመኗ። ልጆቹ በየሳምንቱ አዲስ የአራዳ ቃል ሲያወጡ እኔ "ኧረ ምን ሲደረግ"፣ "በስመ አብ" እያልኩ እንደ ባልቴት አወራለሁ። "አያቴ" ብለው ስም አወጡልኝ። ንዴታም ስለሆንኩ መጀመሪያ ሰሞን ከግማሾቹ ጋር ተኳርፌአለሁ።

የተከራየሁት እዚያው ቀጨኔ ዳገቱ ላይ፣ እናቴን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሴትዮ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ባላቸው ሞቶ፣ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተው፣ ለቁጣ በቂ ጊዜ ነበራቸው። ውሃ በመጣ ቀን ባልዲዬን ቀድሜ ከደረደርኩ ይቆጣሉ፤ አምፖል ሳላጠፋ ከወጣሁ ይቆጣሉ፤ ላፕቶፔ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ካዩማ አለቀልኝ። ለእናቴ በስልክ ሳማርር "ቻያት፣ አፏ ነው እንጂ ሆዷ ውስጥ ምንም የለም" ትለኛለች።

እንዲህ ትበል እንጂ እሷም በእትዬ ላይ ቂም ነበራት። አያቴ ስትሞት እናቴ እኔን እርጉዝ ነበረች። የቀጨኔ ሰው በእትዬ መሪነት ተማክሮ፣ በሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ሆድም ይዛለች፣ አትንገሯት ብሎ ደበቃት። መርዶው የደረሳት እኔን ወልዳ፣ ታርሳ ከተነሳች በኋላ ነው። በመሃል እናቴ ለሞተች እናቷ ሰላምታ ስትልክ፣ ብር ስትልክ፣ አንድ ጊዜም የእንጦጦው ብርድ እንዳይጎዳት ብላ ወፍራም ሹራብ በሰው እጅ ልካ ነበር። ይሄን ነገር ባነሳች ቁጥር ፊቷ ይለዋወጣል። "ያን ሹራብ ማን ለበሰው?" ትላለች፤ ቀጥላም ይሄ ነገር በልጄ አይደገምም ትላለች።

የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ሰው በአማርኛ ሲናገር እየሰማ የሚጽፍ ፕሮግራም ነበር። አብራኝ የሠራችው የሽሮ ሜዳ ልጅ ናት፤ ጴንጤ ናት፣ ቸርቻቸው ውስጥ ትዘምራለች፣ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ስቃብኝ የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በእናቴ ምክንያት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ምግብ ቤት ታስተዳድራለች፣ ከሦስት አገር ሰው ጋር በሦስት ቋንቋ ትከራከራለች፣ ስሟን ግን አትጽፍም። ተናግራ ሲጻፍላት ማየት አማረኝ፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

አማካሪያችን ሐሳቡን ወደደው፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ እንዲለምድ ብዙ ድምፅ፣ ያውም ንጹሕ ድምፅ ያስፈልጋል አለን። ጓደኛዬ የመዘምራኑን ድምፅ ሰበሰበች። እኔ እናቴን ያዝኩ። ማንበብ ስለማትችል አንድ ዓረፍተ ነገር በቴሌግራም በድምፄ እልክላታለሁ፣ እሷ ደግማ ቀድታ ትመልስልኛለች። "በይ ውሃ፣ በይ እማዬ" እያለች አፌን የፈታችኝ ሴት አሁን የእኔን አፍ ትከተላለች። ደስ ብሏት ነበር። ምግብ ቤት ለሚገባው ሰው ሁሉ ልጄ ኮምፒውተር በእኔ ድምፅ እያስተማረች ነው ትላለች አሉ።

ችግሩ እናቴ ደግማ ዝም አትልም። "የዛሬው አየር ጥሩ ነው" ብዬ ስልክ፣ "የዛሬው አየር ጥሩ ነው። ኧረ የምን ጥሩ፣ አናት ይበሳል" ብላ ትመልሳለች። "ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ" ካልኩ፣ "ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። አንቺስ ቁርስ በልተሻል?" ከዚያ ደግሞ ሳሉ ነበር። ምንድን ነው ስላት የከሰሉ ጭስ ነው አለች፤ ሌላ ጊዜ አቧራው ነው አለች። አመንኳት። ጁባን አውቀዋለሁ፣ አቧራ አያጣም።

እኔ እቆርጠዋለሁ። ድምፁ ስክሪኑ ላይ ወጣ ገባ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ ዓይኔ ስለለመደ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳላዳምጥ በማውስ እመርጥና አጠፋዋለሁ። ሳሉ ከሁሉም ጎልቶ ስለሚታይ ለመለየት ይቀላል። አንድ ቀን ደክሞኝ፣ እማዬ ሳሉ ሥራ እያበዛብኝ ነው፣ ሲመጣብሽ ቆም በይ ብዬ ላኩላት። እሺ የኔ እናት አለች። ከዚያ በኋላ የምትልካቸው ድምፆች እያጠሩ ሄዱ፤ እኔም ሥራ ቀለለልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ፕሮጀክቱን የምናቀርብበት ቀን ሲቃረብ ድምጿ ጨርሶ ጠፋ። ስልኳ አይሠራም። አብራት ምግብ ቤቱን ለምትሠራው ሴት ስደውል፣ ዕቃ ልታመጣ ኡጋንዳ ጠረፍ ኒሙሌ ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም አለችኝ። ለእትዬ ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ልብስ ማስጫው አዙረው፣ አዎ የጠረፍ ነገር እንዲህ ነው አሉ። ጠረፍ የት ያውቃሉ ብዬ በሆዴ ሳቅኩባቸው።

እናቴ ሞታ ነበር። ሳምባዋን ነው ያመማት፤ ሆስፒታል ስትገባ ለእኔ እንዳይነገር ያስማለችው ራሷ ናት። በልጄ አይደገምም ስትል የኖረችው ሴትዮ። ለካ እሷም የቀጨኔ ሰው ናት። ስታርፍ ያቺ አብራት የምትሠራው ሴት ለእትዬ ደወለች፤ እትዬ የእድሩን ዳኛና ሁለት ሽማግሌ ጠርተው መከሩ። ብትሄድም ቀብር አትደርስም፣ እናቷንም ትምህርቷንም ለምን በአንዴ ትጣ፣ ፈተናዋን ትጨርስ ተባለ። ጓደኛዬም ከእኔ ስለማትለይ፣ ከሌላ ሰምታ እንዳትነግረኝ ተብሎ አስቀድሞ ተነገራት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ያኔ የማውቀው ሰው ሁሉ በድንገት እንደወደደኝ ነው።

እውነቴን ነው። እትዬ ስለ መብራት መናገር አቆሙ። ከዩኒቨርሲቲ ስገባ ክፍሌ በር ላይ በሳህን የተከደነ ምሳ አገኛለሁ። ውሃ በመጣ ቀን ባልዲዎቼ ሞልተው ይጠብቁኛል። ሳልፍ "ጥቁሯ ልጅ" የሚሉኝ ጎረቤቶች "ልጄ፣ እንዴት ዋልሽ" እያሉ ይስሙኛል፣ አሳሳማቸውም ጠበቅ ያለ ነው። እትዬ ጥቁር ሻሽ አስረው ቴሌቪዥናቸውን ዘግተው ሳይ ማን ሞተብዎ ብዬ ጠየቅኳቸው። ዘመድ ናት አሉኝ። እግዜር ያጥናዎት አልኳቸው። እጄን ይዘው ረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

እኔ ምን አሰብኩ? በመጨረሻ የሰፈር ልጅ ሆንኩ ብዬ አሰብኩ። ከቀጨኔ ቁልቁል ስወርድ በዚያ ሰሞን እየዘፈንኩ ነበር። እናቴ ከኒሙሌ ስትመለስ ምን እንደምላት እያቀናበርኩ ነበር፤ ሰፈርሽ ወደደኝ ልላት ነበር። እስካሁን ድረስ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ደስታዬ ነው።

በማቅረቢያው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ለማሳያ የመረጥኩት እናቴ መጨረሻ ላይ ከላከቻቸው አንዱን ነው፣ "ልጄ ትምህርቷን ጨረሰች" የሚለውን። ሆን ብዬ ነው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር የሰጠኋት። ተጫንኩት። የእናቴ ድምፅ በትልቁ ስፒከር ወጣ፤ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ቃሉ አንድ በአንድ ተጻፈ፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት። ተጨበጨበ። አንደኛው መምህር የማን ድምፅ ነው ብሎ ጠየቀኝ። "የእናቴ ነው" አልኩ ደረቴን ነፍቼ፣ "ለምረቃው ትመጣለች፣ ያኔ አስተዋውቃችኋለሁ።"

ጓደኛዬ አጠገቤ ቆማ ነበር። አፏን በእጇ ይዛ ወጣች። ቀሪውን ብቻዬን አቀረብኩና ሲያልቅ ኮሪደሩ ላይ አግኝቼ ጮህኩባት፤ በዚህ ቀን እንዴት ጥለሽኝ ትወጫለሽ፣ አሳፈርሽኝ አልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ይቅርታ፣ ይቅርታ ብቻ ትል ነበር። ጥርሷን ነክሳ የያዘችውን ነገር እኔ ፍርሃት አደረግኩት።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል። እትዬ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ጓደኛዬ ከዳር፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ። እንደዚያ ሆኖ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ከእናቴ አፍ ስሰማ ነው ያደግሁት። በሩን መልሼ ልዘጋው ስል ሁለት ሴቶች ብብቴን ይዘው ደገፉኝ። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጄ ሆይ፣ የሰው ልጅ መንገዱ አንድ ነው እያለ ሲጀምር አላስጨረስኩትም። እትዬን ነበር የማየው።

"ሹራቡን ማን ለበሰው?" አልኳቸው።

ሰዎቹ ከሐዘን ብዛት ቀባዠረች ብለው ይዘውኝ ነበር። እትዬ ግን ገባቸው። ደጃፌ ላይ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ነኝ የለበስኩት" አሉ። "የእናቷን ሐዘን በእሱ ነው የተቀመጥኩት። እስካሁን ሳጥኔ ውስጥ አለ። ምን ላድርገው የኔ ልጅ?"

 ያኔ ነው የጮህኩት። አንጀቴ እስኪበጠስ ጮህኩ፤ ግቢው ሁሉ አብሮኝ ጮኸ። ሁሉም የራሱን ለቅሶ ከእኔ ተደብቆ ሲውጥ ስለሰነበተ፣ ያን ለት ከእኔ ይልቅ እነሱ ይፈነዱ ነበር። ተናድጄባቸው ሳለሁ ያቀፉኝ እነሱ ናቸው፤ ሌላ ማን ነበረኝ?

እድሩ ድንኳን ተከለ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ጥሩ ፎቶ እንኳ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ንፍሮው ከዞረ በኋላ አንዲት የእናቴ አብሮ አደግ፣ ድምጿን ቀድተሻል አሉ፣ እስቲ አሰሚን አለችኝ። ላፕቶፑን አመጣሁና ያንኑ ያቀረብኩትን ከፈትኩላቸው። "ልጄ ትምህርቷን ጨረሰች።" ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ እሷ ናት እንዴ አለች። ሌላዋ የጽሕፈት ቤት ሰው ትመስላለች አለች። እትዬም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሷ ይቺን ብቻ ተናግራ ዝም አትልም አሉ።

ያኔ ስልኬ ላይ ዋናው፣ ያልተቆረጠው እንዳለ ትዝ አለኝ። እኔም እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። ቴሌግራሙን ወደ ላይ ገፋሁና አገኘሁት። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን የእናቴ ፎቶ መቀመጥ የነበረበት ቦታ ላይ አኖርኩት።

"ልጄ ትምህርቷን ጨረሰች" አለች እናቴ። ትንሽ ተነፈሰች። ከዚያ "አሜን" አለች።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌው፣ እትዬ፣ ንፍሮ የምታዞረው ሴት፣ ጓደኛዬም ሳትቀር፣ ሳያስበው "አሜን" አለ።

ሳሉ ተከተለ። ረጅም ነበር።  ሲያልፍላት፣ ቅጂው ሊያልቅ ሲል፣ ስትስቅ ተሰማች።

"ሳሉን ቁረጪው የኔ ልጅ" አለች። "አሜኑን ግን ተዪው።"

እኔ ሁለቱንም ቆርጬ ነበር።