የረትና ሶሪ

ልጅ እያለሁ፣ አዳማ ገና ናዝሬት ሳትባል፣ ጣሊያንም ሳይመጣ፣ አንዲት ጓደኛ ብቻ ነበረችኝ። እናቴ ሞታለች፤ አባቴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ስለነበር የሳምንቱን ግማሽ አዋሽ በኩል ያድራል። ቤት የምቀረው ከአክስቴ ጋር ነው፤ እሷ ደግሞ ወሬ አትወድም። ጓደኛዬ ረትና የህንዱ ባለሱቅ ልጅ ነበረች። ከዓደን የመጣች፣ ፀጉሯ የማላውቀው ዘይት የሚሸት፣ አማርኛዋ ከአስር ቃል የማይበልጥ። ቅልልቦሽ ለመጫወት ግን አስር ቃልም ይተርፋል።

አንድ ቀን ጠጠሯን ልትቀልብ ስትንጠራራ እጇ አንገቴ ላይ የነበረውን የእናቴን ዶቃ ያዘውና ክሩ ተበጠሰ። ዶቃው አሸዋው ውስጥ ተበተነ። ረትና አፏን በእጇ ይዛ «ሶሪ» አለች፤ ተንበርክካም ትለቅም ጀመር። እኔ ጥያት ወደ ቤት ሮጥኩ።

አባቴ ሲመጣ ቃሉን ጠየቅሁት። ከህንዶቹ ሰምቶት ኖሮ፣ «ይቅር በይኝ ማለቷ ነው። የሰው እግር ሲረግጡም፣ ለቅሶ ሲደርሱም ይሉታል» አለኝ። ይሄ ጭራሽ አበሸቀኝ። እግር ለረገጡበት የሚባል ቃል ለእናቴ ዶቃ? በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤታችን የበደለውን ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እግሩ ላይ ሲወድቅ አይቼ ነበር። ረትናም ድንጋይ ተሸክማ ካልመጣች አላናግራትም ብዬ ማልኩ። እልኸኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

ሦስት ቀን በራችን ድረስ መጣች። ሦስቱንም ቀን በሩን ዘግቼ በቀዳዳ አየኋት። ድንጋይ ሳትሸከም ቆማ «ሶሪ» ትላለች፤ ትንሽ ትጠብቃለች፤ ትሄዳለች። ልቤ ውጪ ውጪ ይለኝ ነበር። ነገ ታመጣለች እያልኩ ቻልኩት።

በአራተኛው ቀን ሳትመጣ ስትቀር ወደ ሱቃቸው ሮጥኩ። ተዘግቷል። አጠገቡ ወተት የሚሸጡት አዴ ጫልቱ አዩኝና፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጠዋት በባቡር ሄዱ እኮ! ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። አንቺ አልሸኘሻትም እንዴ?» አሉኝ። እስከ ሐዲዱ ሄድኩ። ምንም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቅልልቦሽ የተጫወትኩት ብቻዬን ነው፤ ብቻ ሲጫወቱት ደግሞ አይጥምም።

ዛሬ ናዝሬት ውስጥ ሶሪ የማይል የለም። ጋሪ ነጂው ይላል፣ ተማሪው ይላል፣ የልጅ ልጄ ሻይ ሲደፋ ይላል፤ የተባለውም ሰው «ምንም አይደል» ብሎ ያልፋል። ሰው ሲባባለው ስሰማ ሆዴ ይባባል። ያቺ ልጅ የአገሬን ወግ ከየት ታውቀው? ያላትን ሰጥታኝ ነበር። ያልተቀበልኳት እኔ ነኝ።