ለአስር ሶላት ያልደረስንበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ለሥልጠና ከአዋሽ ወደ ሰመራ ስጓዝ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ገዋኔን ሳይቆም አለፈ። ምሳ ሚሌ ነው ብሎ ነበር ሹፌሩ። በመስኮቱ የሻይ ቤቶቹን ቆርቆሮ፣ ጥላ ሥር የተኙትን ፍየሎች፣ አንድ ጊዜ ምሳ ወደበላሁበት ቤት የሚያስገባውን አቧራማ መታጠፊያ አየሁ። ምንም አልተሰማኝም። ያን ቀን ያስታወሰኝም ይኸው ምንም አለመሰማቱ ነው፤ ያኔም እንዲሁ ነበርኩና።

ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን መጥቼ አዋሽ ላይ የመጀመሪያ ዓመት ማስተማሬን የጨረስኩበት ሰኔ። ያን ቀን አብሬው የተጓዝኩት ሰይድ የወሎ ልጅ ነው። እናቱና ታላቅ ወንድሙ ይማም ከሰመራ አጠገብ ሎጊያ ላይ ሱቅ ነበራቸው፤ እሱ በፒካፕ ዕቃ ያመላልስላቸዋል። አዋሽ ሲያድር የሚያርፍበት ክፍል ከእኔ ክፍል ጎን ስለነበር ተግባባን። ትምህርት ሲዘጋ "ና ሰመራን ላሳይህ፤ እግረ መንገዳችንን ጓደኞቼን ትተዋወቃለህ" አለኝ።

የጉዞውን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያለ ዝርዝር መንቀሳቀስ አልወድም። አዋሽ አርባ ላይ ከጋራዥ የተጠገነ የውሃ ፓምፕ እንቀበላለን፤ መልካ ወረር የጥጥ እርሻው ውስጥ ለሚሠራ ለሰይድ አገር ሰው ከቤቱ የተላከለትን ጥቅል እንሰጣለን፤ ገዋኔ መምህሩን ጀማልን እንጠይቃለን፣ ሚስቱ ወልዳለች፤ አዳይቱ ላይ ለሁመድ የላስቲክ ሸራ እናደርሳለን። ከእያንዳንዱ ጎን ሰዓት ጽፌበት ነበር። ሰይድ ወረቀቱን አይቶ "የፈተና ፕሮግራም አወጣህልኝ እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

አዋሽ አርባ የደረስነው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰይድ መኪናው ላይ ወጥቶ ፓምፑን በገመድ ሲያስር ስልኩ ጋቢና ውስጥ ጮኸ።

"መምህር፣ አንሳልኝ!"

ይማም ነበር። "ሰይድ አጠገብህ ነው?" አለኝ።

"ላይ ነው፤ ዕቃ እያሰረ።"

"እንግዲያው ስማኝ። እናታችን ከሱብሂ ሶላት በኋላ አረፈች። መሪ ይዞ ነውና እንዳትነግረው። እስከ አስር ሶላት እናቆያታለን። ከዚያ በላይ ሙቀቱ አያስቆይም። ብቻ ይዘኸው ና።"

"እሺ" አልኩት። እግዜር ያጽናችሁ እንኳ አላልኩም።

ለማያውቅ ላስረዳ። በእኔ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ እህል ቀምሶ፣ ዘመድና ጎረቤት ከቦት ነው የሚረዳው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ ስላደግኩ ይማም ያዘዘኝን ለመፈጸም ማሰብ አላስፈለገኝም። የአስር ሶላት የሚሰገደው ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ እንደሆነም አውቃለሁ፤ የግቢያችን ሰዎች ሁሉ ይሰግዱ ነበር። በዝርዝሩ ጀርባ ላይ ሰዓቱን ደመርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሎጊያ እንገባለን። ድምሩ ልክ ነበር። ያልደመርኩት መጠበቅን ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ደውሎ እንዳያስደነግጠው የሰይድን ስልክ አጠፋሁት።

"ማን ነው?" አለ ሲገባ።

"ይማም። የት ደረሳችሁ ነው የሚለው።"

መልካ ወረር ላይ የምንፈልገው ሰውዬ ከእርሻው ማዶ ጫፍ ውሃ እያጠጣ ነው አሉን። መልእክተኛ ላክንበትና ግራር ሥር ቆምን። ከቦዩ እርጥብ ጭቃ ይሸታል። አንድ ሰዓት አለፈ። ሰይድ ሰዓቱን አይቶ "ጥቅሉን ለዘበኛው ሰጥተን እንሂድ ይሆን?" አለኝ።

እኔም "ዝርዝሩ ላይ አለ፤ እንጠብቀው" አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ከጻፍኩት አንዲት ነገር ካጎደልኩ ፊቴ ላይ የሚነበብ መሰለኝ። ዝርዝሩን ሙጭጭ የሚል ሰው ድንገት "እንቸኩል" ካለ ይታወቅበታል አልኩ። በዚያ ላይ ሐዘንም ፍርሃትም አልነበረኝም፤ ተኝተውበት እንደደነዘዘ እጅ ነበር፣ መላ ሰውነቴ። ሰውየው ሌላ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እግሩ በጭቃ ተለውሶ መጣ። ጥቅሉን ተቀብሎ ሰይድን አቅፎ ሳመው፤ ስለ አገር ቤት፣ ስለ ዘመዱ ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀው።

"እናትህስ?" አለው በመጨረሻ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት" አለ ሰይድ።

ገዋኔ ስንደርስ የጀማል ሚስት ዘይነባ ሕፃኑን አቅፋ በር ላይ ጠበቀችን። ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረቡልን። ሰይድ እጁን ሲታጠብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ መርዶ የሚረዳ ሰው አስቀድሞ መብላት አለበት፤ ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትም። ስለዚህ ሳህኑ በጎደለ ቁጥር ጨመርኩለት።

"ዛሬ ይሄ ልጅ ምን ነክቶታል?" አለ ሰይድ ለጀማል። "እንደ ሙሽራ ነው እኮ የሚያጎርሰኝ።"

"አዲስ መምህር ነው፤ ተማሪ ናፍቆት ይሆናል" አለ ጀማል።

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ዘይነባ ሕፃኑን ለሰይድ አቀበለችው፤ ረጅም ጊዜ ታቅፎት ቆየ። ሰይድ ከጉልበቱ ላይ ያወረደው ሕፃኑ ሲያለቅስ ነው።

አዳይቱ ላይ ሁመድ ከመንገዱ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። ለሰይድ ቤት ፍየል የሚያቀርብ ሽማግሌ ነው። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። አረፍ ተብሎ፣ መንገደኛው በመንገዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ሳያስቀር ይናገራል፤ ከዚያ ባላገሩ ያለውን ወሬ ይሰጣል። የሰሙትን መደበቅ ነውር ነው፤ ውሃ ያለበትን እንደ መደበቅ ይቆጠራል። ሰይድ ልማዱን ስለሚያውቅ ተቀምጦ ሁሉን ተናገረ፤ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ጀማል ልጅ፣ አዋሽ ላይ ስለ ጣለው ዝናብ።

ሁመድ ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ? ምን ሰማህ?"

"ምንም የለም። ሰላም ነው።"

ደግሞ ጠየቀኝ። "ምንም?"

"ምንም።"

በበትሩ መሬቱን ጫር ጫር አደረገና ወደ ሰይድ ተመለሰ። "ከሎጊያ የመጣ መኪና እዚህ ቆሞ ነበር። እናትህ ዛሬ ጠዋት ሞታለች። አላህ ይዘንላት። ዛሬ አስር ላይ ትቀበራለች። ተነስ፣ ሂድ።"

አንዲትም ቃል አላሳመረም። ሰይድ "ኢና ሊላሂ" ብሎ ጀመረ፤ የቀረውን በከንፈሩ ብቻ ጨረሰው። ሰዓቴን አየሁ፤ ለዘጠኝ አምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ሎጊያ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሸራውን እንኳ ሁመድ ራሱ ነው ፈትቶ ያወረደው።

ሰይድ አልበረረም፤ አላዘገመም። ጥቂት እንደሄድን "ስልኬን" አለኝ። ሰጠሁት። ጠፍቶ ሲያየው "አብራው" ብሎ መለሰልኝ። ሚሌ ስንቃረብ ኔትወርክ ያዘ፤ መልእክቶቹ ተራ በተራ ይጮኹ ጀመር። መቼም ያን ያህል መልእክት የሚከማቸው ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘጋ ነው። ሰይድ ወደ ስልኩም ወደ እኔም አልዞረም።

ሎጊያ ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነበር። ከመቃብር የሚመለሱ ወንዶች መንገዱን ሞልተውታል፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ይማም ከመካከላቸው ወጥቶ ወንድሙን አቀፈው። "እስከ መጨረሻው ጠብቀናል" አለው። "ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሞ... ምን ላድርግ? ለመምህሩ በጠዋት ነግሬው ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ" አለ ሰይድ።

መቃብሩ ድረስ ተከተልኩት። አፈሩ ገና ውሃ እንደተረጨበት ነው። ሰይድ እጆቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ እኔ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው አላወቅኩም። ሲጨርስ ሳይዞር ጠየቀኝ።

"ጥጡ ጋ ስንቆም ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ገዋኔ ስበላም?"

"አዎ። እንድትበላ ብዬ ነው።"

"እሺ" አለ።

ላስረዳው ፈለግኩ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር፣ ይማም ምን እንዳለኝ፣ ሰዓቱን እንዴት እንደደመርኩት። የማስረዳት ችግር የለብኝም፤ የሙያዬ ነገር ነው። ግን "እሺ" ካለ ሰው ጋር የሚያከራክር ነገር የለም።

አልተጣላንም። እናቱን በቀብሯ ቀን እንዳያያት ካደረገ ሰው ጋር እንዴት እንዳልተጣላ አሁንም ይገርመኛል። ትላንት ሰመራ ካረፍኩበት ድረስ መጥቶ ምሳ ጋበዘኝ። ጠጉሩ ከፊት መሳሳት ጀምሯል። የሱቁን፣ የልጆቹን፣ የይማምን ሕመም፣ የመንገዱን ጥገና ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገረኝ። ሲደውልልኝም እንዲሁ ነው፤ ክፉም ይሁን ደግ፣ ከሰላምታው አስቀድሞ ይነግረኛል።

ነግሮኝ ሲጨርስ ማንም ሰው ከዚያ በኋላ የሚጠይቀውን እጠብቃለሁ። ሰይድ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ "አንተስ ጋ ምን አለ?" ብሎኝ አያውቅም። ትላንትም ሂሳቡን ከፍሎ ተነሳ።