በእማዬ ላስቲክ የዞረው ሸክላ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ይዘፍን ነበር። ድምፁ ወፍራም፣ ቃሉ የማይለይ፣ አንዱን ስንኝ ጀምሮ እስኪጨርስ ሰው ውሃ ቀድቶ የሚመለስለት ዘፋኝ ነበር። ሸክላው መሃል ላይ የተጻፈው ስም በጣት ብዛት ተፍቆ ስለጠፋ ማንነቱን የሚነግረኝ አላገኘሁም። እኔ ግን በሐሳቤ ጥምጣም አስሬለት፣ ጢም አብቅዬለት፣ ቄስ አድርጌው ነበር። ከአባባ ወዳጆች አንዱ ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን ቁስቋም ነው። አባባ መሪጌታ ናቸው፤ ከማኅሌት ተመልሰው «እስቲ ውሃ አምጡልኝ» ሲሉ እንኳ ዜማ ዜማ ይላቸዋል። እንዲህ ባለ ቤት ሸክላ ማጫወቻ ምን ይሠራል የሚል ሰው ጋሽ ታደለን ይጠይቅ። ጋሽ ታደለ ከግድግዳችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ የኖረ መምህር ነው። እኔ ገና ጡት ሳልጥል ወደ አዲ አርቃይ ሲዛወር፣ «መኪና ሳገኝ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎ ማጫወቻውን ከላዩ ላይ ካለው አንድ ሸክላ ጋር ለእማዬ አደራ ሰጣት። መኪና ሳያገኝ ቀረ መሰለኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣም። ሳጥኑ አልጋ ሥር ገብቶ ዓመታት ከረመ።

ሰባት ዓመቴ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እማዬ ቤት ስታጸዳ ሳጥኑን ጎትታ አወጣችው። ስትሰካው መብራቱ በራ፤ ሸክላው የሚያርፍበት ሳህን ግን ንቅንቅ አላለም። ከፍታ ብታየው ሳህኑን የሚያዞረው ቀጭን የጎማ ቀበቶ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ተጣብቋል። እማዬ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። የጉርድ ቀሚሷን ወገብ ተርትራ ላስቲኩን መዘዘች፣ ለክታ ቆረጠችው፣ ጫፍና ጫፉን ሰፍታ ቀለበት አደረገችው። ከዚያ ጉርዷን በመቀነት ሸብ አድርጋ መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፈች፤ ያ ሰውዬም ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ድምፁን አሰማ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። የእማዬ ፊት ግን ቅጭም አለ።

«ላልቷል፤ ትንሽ ላጥብቀው» ብላ እጇን ስትሰድ አባባ ከደጅ ገቡ።

ሁለታችንም ክው አልን። ዘፈን፣ በእኛ ቤት! አባባ መቋሚያቸውን እንደያዙ ቆሙ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፣ ከዚያም ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ይኼማ ዕዝል ነው» አሉ። ዕዝል በቤተ ክርስቲያን ዜማ ረጋ ያለው፣ ኀዘን ኀዘን የሚለው ስልት ነው። «ሸጋ ነው። ተይው፣ እንዳትነኪው!»

እማዬ እጇን ሰበሰበች። እኔ ዜማው ልቧን ነክቷት ዝም ያለች መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሸክላው የቤቱ ሰው ሆነ። ጾም ሲገባ ጨርቅ ይከናነባል፤ ጾም ሲፈታ እሱም ይፈታል። አባባ ወለሉን በመቋሚያቸው መታ መታ እያደረጉ ያጅቡታል። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ድንቄ ድምፁን ከመንገድ ሰምተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ከች አሉ። «ምነው ሳትነግሩኝ! ማን ነው የሞተው?» እማዬ የሸክላ ዘፈን ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ እሳቸው ግን አንዴ ጀምረዋልና ማን ያስቁማቸው። በዚያ ላይ ምድጃው ላይ ንፍሮ ተጥዶ ስለነበር ነገሩ ጭራሽ ለቅሶ ቤት መሰለ። አልቅሰው ሲጨርሱ ንፍሯቸውን በልተው፣ ሟቹን ሳይጠይቁ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሟች ወንድማቸው ትዝ ባላቸው ቁጥር እየመጡ «እስቲ ያንን ሰውዬ ክፈቱልኝ» ይሉን ነበር።

ትምህርት ቤት ደግሞ በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ተራዬ ሲደርስ ሌላ ዘፈን ስለማላውቅ ድምፄን አወፍሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ያንኑ አወረድኩት። አስተማሪው ጥቂት ታገሡና «አንቺ ልጅ፣ ቤት ሰላም ነው?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከጀርባዬ የሳቀውን ልጅ በቦርሳዬ ጭንቅላቱን አልኩት፤ ዛሬም አልጸጸትም።

የሚያሳፍረኝስ ሌላ ነው። እኔ ኋላ የፊዚክስ መምህርት ሆኛለሁ። ወደ ሃያ ዓመት ስለ ፍጥነት ሳስተምር፣ የላላ ቀበቶ የሚያዞረውን ነገር ምን ያህል እንደሚያዘገየው ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ያ የቤታችን ሰውዬ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። የማጫወቻው መርፌ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት አልቆ ነበርና ሳጥኑ ተመልሶ አልጋ ሥር ገብቷል።

ዓምና እማዬ አረፈች። አባባ ከዚያ ወዲህ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ሆኑ። ቀኝ ጆሯቸው ከሄደ ቆይቷል፤ ግራውም እየተሰናበተ ነው። አንድ ጠዋት ቁርስ ሳቀርብላቸው «ያቺን ሸክላ አንድ ጊዜ ልስማትና ከዚያ ጆሮዬ ቢሄድም ይሂድ» አሉ። አባባ ከሰው ነገር ለምነው አያውቁም። በዚያው ቀን ሳጥኑን ባጃጅ ላይ ጭኜ ወደ ከተማችን ፒያሳ ወረድኩ።

ጠጋኙ ፀጉሩን እንደ ዶሮ ኩክኒ ያቆመ ወጣት ነው። ሳጥኑን ፈታታና ላስቲኩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «እትዬ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። የእናቴ የቀሚስ ላስቲክ ነው ስለው ወንበሩን ይዞ ሳቀ። «ግድ የለም፣ እኔ ዘመናዊ አደርገዋለሁ» አለ። አደረገውም። አዲስ መርፌ ገባለት፣ ልኩ የሆነ የጎማ ቀበቶ ከአዲስ አበባ አስመጣለት፣ ድምፅ ማጉያና ፍየል ፍየል የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች ተጨመሩለት። በሦስተኛው ሳምንት እቤት አምጥቼ አንዱን ስፒከር በአባባ ግራ ጆሮ በኩል ገተርኩት። አባባ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን አዘጋጅተው ጠበቁ።

መርፌው ሲያርፍ አንዲት ሴት ከሳጥኑ ዘላ ወጣች።

ሌላ ምን ልበል? ድምፅዋ ቀጭን፣ ከበሮው የሚጋልብ፣ ጭብጨባው ጣራ የሚያነሳ ነው። ቃሉንም በአርባ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ልጅቱ ወገቧን እያሞገሰች፣ አንዱን ጎረምሳ ወንድ ከሆንክ ና ከፊቴ ውረድ፣ ትከሻህን ልየው ትለዋለች። ላስቲኩ እያዘገየ ድምፁን ያወፈረው፣ ጥምጣም ያሰርኩለት ቄስ ኮረዳ ሆኖ ቁጭ አለ። እማማ ድንቄ ወንድማቸውን ያለቀሱት በዚህ ነበር!

ወደ አባባ ዞርኩ። መቋሚያቸው አየር ላይ እንደተነሳ ቀርቷል። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ግድግዳውን ያያሉ። አጠፋሁት። ያቺን አንዲት ጆሯቸውን ለዚህ ነው ያቆዩዋት ብዬ ራሴን ረገምኩ፤ የለመኑኝን አንድ ነገር በዘመናዊነት ገደልኩባቸው። ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

ጠጋኙን ምሳ ላይ አገኘሁት። የእማዬ ላስቲክ የምሳ ዕቃው ክዳን እንዳይከፈት ዙሪያውን አቅፎታል። «ላስቲኬን!» ብዬ ስጮህበት ጉርሻው አፉ ውስጥ ቆመ። «እንዲህ ያለ ላስቲክ እኮ ዛሬ አይገኝም፣ እትዬ» እያለ በቅሬታ ፈትቶ ሰጠኝ። ሽሮ ሽሮ ይሸታል።

ስመለስ አባባ እዚያው ናቸው። ሳህኑን አንስቼ አዲሱን ቀበቶ ማውለቅ ስጀምር «ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ።

«የድሮውን ልመልስልዎ ነው። ይኼኛው የእኛ ዘፈን አይደለም።»

አባባ ሳቁ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

«የማን ነው ታዲያ? ራሷ ናት እንጂ! ያ መምህር ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ግድግዳ አሰምቶናል። እሱ በከፈተ ቁጥር እናትሽ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ስትጨፍር በበሩ ስንጥቅ እመለከታት ነበር። እኔ የማኅሌት ሰው ነኝ፣ ምን እላለሁ? እንዳላየሁ ሆንኩ። ኋላ በላስቲኳ ስታስነሳውና ዘፈኑ ሲጎተት ስሰማ፣ እሰይ፣ ዘፋኟ ንስሐ ገባች አልኩ። ላጥብቀው ስትል ከለከልኳት። ለእኔ ተስማማኝ፤ የእሷን ዘፈን ግን ቀማኋት። አንድ ቀን እንኳ እስቲ አጥብቂው ሳልላት ሄደች።»

ያ ቅጭም ያለ ፊቷ መጣብኝ፤ ይኼን ሁሉ ዓመት በዜማ የተመሰጠች ሴት አድርጌ ያስቀመጥኩት ፊት። አባባን ተናደድኩባቸው፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በሉት።

ዛሬ ስልኬ ውስጥ ሰምቼ የማልጨርሰው ዘፈን አለ፤ አንዱንም እስከ መጨረሻው አላዳምጥም። ያኔ አንድ ሸክላና አንድ ላስቲክ ነበረን፤ በዚያው እኔ ዘፍኜበታለሁ፣ አባባ ዜማ ቆጥረውበታል፣ ጎረቤት ሐዘኑን ተወጥቶበታል። እማዬ ብቻ ናት በገዛ ላስቲኳ ያልጨፈረችው።

አሁን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱንም በየተራ እናስገባለን። መጀመሪያ ላስቲኩን፣ ለአባባ፤ ንስሐ የገባችው ቀስ እያለች ታዜማለች። ቀጥሎ አዲሱን ቀበቶ፣ ለእማዬ። ያን ጊዜ አባባ ክንዴን ይዘው ይነሱና ከበሮውን በመቋሚያቸው ሊከተሉ ይሞክራሉ። ሁለት ሦስቴ ይመታሉ፣ ዘፈኑ ጥሏቸው ይሄዳል፤ እንደገና ይጀምራሉ፣ አሁንም ጥሏቸው ይሄዳል። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ይቀመጡና መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ ያጋድማሉ።

«እንዲህ ናት እናትሽ» ይሉኛል። «ሁልጊዜም ትቀድመኝ ነበር።»