እሬት ፍለጋ ወደ ጥቁር ውሃ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ

ከሰፈራችን ከአዲስ ከተማ የወጣሁት ቤቱ ሁሉ እንደተኛ ነው። ልጄ አስቴር ሰኞ ፋብሪካ ሥራ ትጀምራለች፤ ስንት ደጅ ተጠንቶ የተገኘ ሥራ ነው። ሁለት ዓመት የሞላት ልጇ ሳሮን ግን ከእናቷ ጡት በቀር ገንፎም አታስጠጋ፣ ወተትም አትቀምስ። "ጦሟን ከምትውል ሥራው ይቅርብኝ" ትላለች አስቴር። ትናንት ጎረቤት በጣሳ ከተከሉት እሬት፣ ያ ሴቶች ፀጉር የሚቀቡት ወፍራሙ፣ ቆርጣ ጡቷን ቀባችው። ሳሮን ልሳ ልሳ ጨረሰችና ሳቀች። እንግዲህ መራራውን የዱሩን ላመጣ ነው መንገዴ።

"አባባ፣ በጠዋት ወዴት ነው?" አለኝ ባለባጃጁ።

"እሬት ልቆርጥ።"

"ኧረ ሰው በጠዋት ማር ይፈልጋል እንጂ!"

ፒያሳ እስኪያወርደኝ ድረስ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ሚኒባስ ያዝኩ።

ረፋዱ ላይ፣ ከጥቁር ውሃ ወዲያ

ቀስ እያልኩ በእግሬ ነው። ድንጋይ፣ አቧራ፣ የደረቀ ሣር። እሬቱ ብቻ የክረምቱን ውሃ ቅጠሉ ውስጥ ቋጥሮ ተቀምጧል። ፀሐይ የበረታበት ቅጠል ቀልቷል፤ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ከመሀሉ በወጣው ዘንግ ላይ ብርቱካንማ አበባ ቁልቁል ተንጠልጥሏል፤ ትንንሽ ወፎች ምንቃራቸውን እየሰደዱ ማሩን ይመጥጣሉ። ከመራራ ቅጠል ጣፋጭ አበባ! ቆሜ አየሁት።

ለካስ የሰው አጥር ኖሯል። አንዲት እናት ከቤት ወጡ፤ አማርኛቸው ሲዳምኛ ሲዳምኛ ይላል።

"ምን ሊያደርግልዎ ነው አባባ?"

"የልጅ ልጄን ጡት ላስጥል።"

"ውይ! የኔን ልጆች ሁሉ ያስጣለ ይኼ አጥር ነው። ወልደው ከብደው እንኳ በዚህ ሲያልፉ ይሰድቡታል!"

የታችኛውን ቅጠል ራሳቸው ቆረጡልኝ። ከቁርጡ ቢጫ ፈሳሽ ጠብ ጠብ አለ።

"ጠብታ ብቻ። እንዳትውጠው፣ አፏን ቶሎ በውሃ ጠረግ ያድርጉላት" አሉኝ። "ለአጥሩ አይዘኑ፤ ቁስሉን ራሱ ይደፍናል።"

ከሰዓት፣ ቤት

አስቴር ጠብታዋን ቀብታ ተቀመጠች። ሳሮን ሮጣ መጣች፤ አንዴ ሳብ አደረገችና ተፋች፣ ምላሷን አወጣች። አፏን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግንላት። ለቅሶዋን ስንጠብቅ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

"እማ፣ ጡት አመመው?"

አስቴር በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ከንፈሯን አሹላ እፍ፣ እፍ አለችበት፤ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ እኛ እንደምናደርግላት። ከዚያ በገዛ እጇ የእናቷን ቀሚስ ሳብ አድርጋ ሸፈነችውና ጭኔ ላይ ወጣች።

ገንፎውን አቀረብኩላት። አፏን ከፈተች። ሁለተኛውም ገባ።

"በላች እኮ፣ አስቴር! ዞረሽ እይያት እንጂ" አልኩ። ወደ ግድግዳው ዞራ ቁጭ ብላ ነበር።

"ዞር ካልኩ ጡቱን እሰጣታለሁ፣ አባዬ" አለችኝ።