በበሬ የተማርነው እንግሊዝኛ

የእርጥብ ምራን ሽታ ዛሬም ሲሸተኝ ደሜ ይፈላል። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ያ ጠፍር በክረምት ዝናብ ርሶ ከምድጃው በላይ ሲሰቀል ሽታው ቤቱን ይሞላው ነበር፣ እኔና ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅም ከሥሩ ተቀምጠን እንግሊዝኛ እናጠና ነበር።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ቤታችን ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ነበር። አባታችን አንድ በሬ ብቻ ስለነበረው፣ እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤታችን ከአያ ደምሌ ጋር መቀናጆ ገብቶ፣ ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ እየጠመዱ በየተራ ያርሱ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ስንመለስ መምህራችን ግሶቹን ብቻ ሰሌዳው ላይ ደርድሮ «ሸምድዱ» ይለን ነበር፤ እኛም ሸምድደን፣ መፈለግንም መንከባከብንም «ሉክ» ብቻ ብለን እየጻፍን በአርጩሜ እንገረፍ ነበር። ባላስተማረን ነገር መገረፋችን ያን ጊዜም ያንገበግበኝ ነበር። ጥሩወርቅ ግን ለስንት ልጅ አንድ በሚደርሰው መጽሐፍ ላይ አፍጥጣ ነገሩን ራሷ ደረሰችበት።

«እዪ እንግዲህ፣ ግሱ አንድ በሬ ነው» አለችኝ ምራኑን እያሳየችኝ። «ከኋላው የምትመጣዋ ትንሽ ቃል መቀናጆው ናት። ‹ሉክ› ከ‹ፎር› ጋር ሲጠመድ መፈለግ ነው፣ ከ‹አፍተር› ጋር ሲጠመድ መንከባከብ። ነጥለሽ ከያዝሽው አያርስልሽም።»

እሷ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ሰኔ ላይ አገር አቀፉን ፈተና አልፋ ነፋስ መውጫ ዘጠነኛ ልትገባ ነበር ሐሳቧ። ጥር ላይ አያ ደምሌ መጥቶ፣ «መቀናጆው በዝምድና ይጥናልን፣ ጥሩወርቅን ለልጄ ስጠኝ፤ አለዚያ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። አባታችን ማሳው ጦም እንዳያድርበት ፈራ። እናቴ «ፈተናዋ እስኪያልፍ እንኳ» ብትል፣ «እርሻ ፈተና ይጠብቃል እንዴ?» ብሎ አፏን አስያዛት። እህቴ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ተድራም ቢሆን ለፈተናው እንድትቀመጥ። «እሺ» ተባለች። ሰኔ ሲደርስ ግን አማቷ «ዘር ደርሷል» ብሎ አስቀራት፣ አባታችንም ሰምቶ ዝም አለ። ያቺን «እሺ» እስከዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ብዙም ሳይቆይ አባታችን ሁለተኛ በሬ ገዛና መቀናጆው ፈረሰ። ሁለቱ ሰዎች በሬ በሬያቸውን ይዘው በሰላም ተለያዩ፤ እህቴን ግን መልሶ ያመጣት የለም።

ዛሬ እኔ ወገዳ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ያኔ እኛ የምንገረፍበትን ስህተት ሲሳሳቱ በሁለቱ በሬዎች አስረዳቸዋለሁ፣ ይስቃሉ፣ ይገባቸዋልም። ጥሩወርቅ ዘንድ ስሄድ ደግሞ እንጀራዋን እያቀረበችልኝ «ዛሬ ምን አስተማርሽ?» ትለኛለች፤ ግሱን ስጠራላት ትንሿን ቃል ከአፌ ነጥቃ ታስከትላለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም፤ አንድም ቀን ግን ማንም አልፈተናትም።